የነብሮ ጣቶች

ጸሐይነሽን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው፤ ለቤቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ጡት ለምትጠባው ለልጇ ለመባ እስክትጠግብ ወተት፣ ለሩዝ መፈልፈያው ከጠዋት እስከ ቀትር የወገቧ ጉልበት፣ ለጎረቤቷ ለማስተዋል የአጥር ጥግ ወሬ፣ ለነብሮ ደግሞ ጥቂት ፌንጣና አንድ የጠርሙስ ክዳን ውሃ። ከወጪዋ ሁሉ ትንሹ የነብሮ ነው። ወረታ ከተማ ላይ ሰው የሚያወራው ግን ስለ እሱ ነው።

ነብሮ እንሽላሊት ነው። ከስንዝር ትንሽ ይረዝማል። ገላው ቢጫ ሆኖ እንደ ነብር በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ጅራቱ የወፈረ፣ ዓይኑን እንደ ሰው የሚከድን ነው። ደረሰ የሚባል ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ በአንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ዘበኛ ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን የቤት እንስሳውን ይዞ መሄድ አልቻለምና ለደረሰ ሰጠው። ደረሰም የሹፌር ረዳትነት ሲያገኝ ከነመስታወት ሳጥኑ ወረታ አመጣና እህቱ ቤት አስቀመጠው።

"ካንች ሌላ የሚያኖርልኝ የለም" አላት።

"እሽ፣ ሂድ። እንዳመጣኸው ሙሉ ሆኖ ይጠብቅሃል" አለችው።

ችግሩ የመጣው ከቆዳው ነው። ነብሮ በየጊዜው ቆዳውን ይቀይራል። መጀመሪያ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከዚያ አሮጌው ቆዳ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወልቃል። ወረታ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ሲቀይር ግን የገላው ወልቆ የጣቶቹ ቀረ። የቀረው ደረቀና አንዷን ጣት እንደ ክር አንቆ ያዛት። ጣቲቱ ጠቆረች፣ ጫፏም ተቆርጦ ወደቀ። ጸሐይነሽ ያችን ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ ስታገኝ፣ ሳታስበው ዞር ብላ የመባን ጣቶች አየች።

አሁን ደግሞ የገና በዓል ሲቃረብ፣ ደረሰም ለበዓሉ እመጣለሁ ብሎ ደውሎ ሳለ፣ ነብሮ እንደገና አመድ መሰለ። የጀርባው ቆዳ ወለቀ። የጣቶቹ አሁንም እዚያው ደረቀ፤ ያውም በዚህኛው ዙር ሁሉም ላይ።

ማስተዋል በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠየቀች፤ "አለ ያ አውሬሽ?"

"አለ። ጣቶቹ ናቸው ያስጨነቁኝ።"

"ወስደሽ ከሩዝ ማሳው ላይ ጣይው በቃ። ሰው ለገና በግ ያደልባል፣ አንች እንሽላሊት ታደልቢያለሽ።"

"አትፍሪ፣ ሥጋውን አላካፍልሽም።"

ማስተዋል ሳቀችና ቤቷ ገብታ ወረንጦ ይዛ ተመለሰች። "እንግዲያው እንደ እሾህ ንቀይለት። ምን ታለቃቅሽያለሽ?"

ጸሐይነሽ ነብሮን መዳፏ ላይ አድርጋ የአንዷን ጣት ቆዳ በወረንጦው ጫፍ ያዝ አደረገች። ገና ሳብ ስታደርገው ነብሮ ጮኸ። ቀጭን፣ የጫጩት ዓይነት ድምፅ። ድምፅ እንዳለው እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ወረንጦውን በአጥሩ በኩል መለሰች።

ከሰዓት በኋላ የባሏ የይርዳው አባት ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከወንዛዬ ፍልውሃ መጡ። ዘመናቸውን ሁሉ መቅደስ ውስጥ በባዶ እግር ቆመው ያገለገሉ ናቸውና ተረከዛቸው እንደ ክረምት ያጣ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ወንዛዬ የወረዱትም ለእሱ ነው። ጸሐይነሽ ድምፃቸውን ስትሰማ ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄስ እንሽላሊት ቤት ውስጥ ሲያዩ ምን ይላሉ?

"ምን ደብቀሽ ነው?" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ገለጠችው። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ያምራል። ምን አጥፍቶ ታሰረ?"

"የደረሰ ነው፣ አባባ። ቆዳው ጣቶቹ ላይ ደርቆበት እንዳይቆረጡ ፈርቼ ነው።"

"እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ተቀመጡ። እሷም እንደ ወጉ ውሃ አሙቃ፣ ሳፋ አቅርባ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች። የቀኙን ተረከዝ በመዳፏ ስትይዘው ለስላሳ ሆነባት።

"አባባ፣ ያ ሁሉ ቅርፊት የት ሄደ? በምላጭ አልነበረም የሚፍቁት?"

"ስፍቀው ነው እንጂ የደማሁት። ወንዛዬ እግሬን ከሙቅ ውሃው ነክሬ ዝም ብየ ተቀመጥሁ። ሲርስ ራሱ ለቀቀ፤ እኔ አልነካሁት።"

የጸሐይነሽ እጅ ሳፋው ውስጥ ቆመ። የገዛ እጇን አየች። በየቀኑ እስከ ቀትር መፈልፈያው ቤት የሩዝ ገለፈት ስትዝቅ ቆይታ፣ ማታ ቅቤ ካልቀባችው የሚሰነጠቀውን እጅ። ከዚያ የነብሮን ሳጥን አየች። ወለሉ ላይ ጣት የሚያስጥም የሩዝ ገለፈት ተነጥፏል። ያነጠፈችው ራሷ ናት። ወረታ ላይ እንቁላል የሚጓጓዘው በገለፈት፣ ጫጩት የሚተኛው በገለፈት ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሞልቷል፣ ማንም ቢሆን እሱኑ ያነጥፍ ነበር። የእጇን ወዝ የሚመጥ ነገር የነብሮንም ሲመጥ መክረሙ አሁን ገና ታያት።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ግራው እግርዎ ትንሽ ይቆይ።"

"የእንሽላሊት ተራ ደረሰ? ይሁን። እኔስ ወንዛዬ ታጥቤ ነው የመጣሁ።"

ገለፈቱን አውጥታ ደጅ ደፋችው። ከማንቆርቆሪያው ሌላ ውሃ በሳህን ቀዳች፤ መባን ስታጥብ እንደምታደርገው በክንዷ ለካች፤ ለብ ሲል ነብሮን አስገባችው። ውሃው ከጣቶቹ አያልፍም ነበር። እላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ የአማቷን ግራ እግር አጥባ ጨረሰች። ስትመለስ ቆዳው ነጥቶ አብጧል። ጥጥ አርሳ፣ የመባን ጆሮ እንደምትጠርግ ቀስ አድርጋ አሸችው። የአንዷ ጣት ቆዳ እንደ ጓንት ሾልኮ ወጣ። ከዚያ የሚቀጥለዋ። ቄሱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ከጎኗ ተቀመጡ።

"ይህችኛዋስ?"

"እምቢ ብላለች።"

"አታስገድጃት።"

አላስገደደቻትም። ከንፈሯ የተሸረፈ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነበራት፤ ውስጧ እርጥብ ጨርቅ አድርጋ፣ በጎኗ አጋድማ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠቻት። ነብሮ ሰተት ብሎ ገባ።

ጠዋት ማስተዋልን ጠራቻት። ማሰሮዋን ስታነሣ ነብሮ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል፤ እምቢ ያለችው ጣትም ጸድታለች።

"ቆዳውስ የታል?" አለች ማስተዋል።

"በላው።"

"ምስክሩን በልቶ ነው የሚፈታው?"

"ምስክሩ ጣቱ ነው፣ እጅሽን አምጭ።"

ማስተዋል እጇን እየሳበችም ቢሆን ዘረጋች። ነብሮ መዳፏ ላይ ወጣና ጣቶቹን ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ማስተዋል ማሳ ወርዳ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ፌንጣ ቋጥራ ትመጣለች፤ ለማን እንደሆነ ግን አትናገርም። ደረሰም ለገና መጥቶ ነብሮን አገላብጦ ሲያየው፣ ከመጀመሪያዋ ጣት በቀር የጎደለ አላገኘም። ስለ እሷም ጸሐይነሽ ራሷ ቀድማ ነገረችው። "ከእኔ ቤት ቢሆን አንዱም አይተርፍ ነበር" አላት።

አሁን ነብሮ ቆዳውን ያለ ማንም እርዳታ ይቀይራል። ጸሐይነሽ ግን እርስዎን አንባቢውን አንድ ነገር ታስቸግራለች። እንዲህ ያለ እንስሳ በእጅዎ ቢገባና ቆዳው ቢደርቅበት አይጎትቱት፤ ለብ ያለ ውሃ ያቅርቡለትና ይጠብቁት። ደግሞ ከንፈሯ የተሸረፈች ማሰሮ ካለችዎ አይጣሏት፤ ወደ ወረታ ለሚመጣ ሰው ይስጡላት። ነብሮ ወፍሯል፣ ያችኛዋ ማሰሮ ጠብባዋለች።