አርባ አንድ ዓመት የዘገየ ጉርሻ

ጎረቤቴ ፒዮ ቾልጉ እዚሁ ሞክፖ ከተማ ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከወደቡ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለውን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል። ወጥ ቤት ሲገባ ግን ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ ሚስቱን ይጠይቃል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ያበሽቀኛል።

ሚስቱ ኦክሱን ጃፕቼ፣ ያን የኑድልና የአትክልት ምግባችንን፣ የሠራች ቀን ፎቃችን በሙሉ በሰሊጥ ዘይት ይታወዳል። ጃፕቼ የሌለበት ድግስ እኛ ዘንድ ድግስ አይባልም። ለልጇ ልደትም፣ ለአማቷም፣ ለራሷም የምትሠራው እሷው ናት። የስኳር ድንቹን ኑድል ከአትክልቱ ጋር በእጇ ለውሳ ስትጨርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባሏ ታጎርሰውና "ጨው እንዴት ነው?" ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል "ደህና ነው" ይላል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ "ደህና ነው"። እኔ ብሆን ሳህኑን አናቱ ላይ እደፋበት ነበር።

ዘንድሮ ልደቷ ሳምንት ሲቀረው ኦክሱን ደረጃ ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ ተሰበረና በጄሶ ታሰረ። "ዘንድሮስ ጃፕቼው ይቅር" አለች። ቀጥላም፣ "በልደቴ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው የሠራልኝን ብበላ ምን ነበረበት" አለች። እየሳቀች ትበለው እንጂ ከልቧ ነበር። ቾልጉም ሰምቷል።

የልደቷ ቀን ጠዋት ፀጉሯን በፐርም ልታስጠቀልል ወጣች፤ እስከ ምሳ ሰዓት አትመለስም። ረፋዱ ላይ የቃጠሎ ሽታ ከእነሱ ቤት መጣ። ሮጬ ስገባ ጉድ ፈልቷል። ቾልጉ ካሮቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ስፒናቹን፣ እንጉዳዩንና ኑድሉን በአንድ መጥበሻ ላይ ከምሯቸዋል። ስፒናቹ ሟሙቷል፣ ካሮቱ ጥሬ ነው፣ ኑድሉ ሙጫ ሆኗል፤ ሁሉም የእንጉዳዩን ጥቁረት ለብሷል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም አንድ ላይ?"

"እትዬ፣ መጨረሻ ላይ ሆድ ውስጥ አይደል የሚገናኙት? ባንድ አውቶቡስ ብጭናቸው ምን አለበት?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ኑድል ተርፎልሃል?"

"አንድ እሽግ አለ፤ አትክልቱም ግማሹ ተርፏል።" ድምፁ ዝቅ አለ። "እትዬ፣ ትመጣለች እኮ። ምን ላበላት ነው?"

አንጀቴን በላው። እኔ ብሠራው ቶሎ ባለቀ ነበር፤ ኦክሱን ያማራት ግን የባሏ እጅ እንጂ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አፌን ብቻ አሠራሁ።

"መጥበሻውን እጠብ። ሽንኩርቱ ለብቻው ይቅደም፣ ከዚያ ካሮቱ። እንጉዳይ መጥበሻ ያጠቁራል፣ እሱ መጨረሻ። ስፒናቹን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገህ አውጣና ጭመቀው። ሁሉም የየራሱ ቁንጥር ጨው አለው።"

"በየፌርማታው ልቁም ነው የምትይኝ?"

"በየፌርማታው።"

ካሮቱ ላይ ሲደርስ ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ኦክሱን ይሄን ሁሉ በየልደቱ ትሠራለች?"

"ታዲያ ማን የሚሠራ መሰለህ? ቴሌቪዥኑ?"

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልወጣውም። ኑድሉን ቀቅሎ በአኩሪ አተር ሶስ አሸው። አትክልቱን ጨመረ፣ የሰሊጥ ዘይቱን አፈሰሰና እጁን ከተተ። ትኩሱ ጣቶቹን ሲለበልበው "ኡፍ፣ ኡፍ" እያለ ለወሰ። ማንኪያ ላቀብለው ብል እምቢ አለ።

በሩ ተከፈተ። ኦክሱን ፀጉሯን ተጠቅልላ፣ በጄሶ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ቀረች። ቾልጉ ዘይቱ እስከ ክርኑ እየወረደ ጉርሻውን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። አጎረሳት። ቀስ ብላ አላመጠች።

"ጨው እንዴት ነው?" አላት።

ኦክሱን ፊቷን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አዞረች። ትክ ብላ እያየችው፣

"ደህና ነው" አለች።

የቾልጉ ፊት ሲወድቅ አየሁት። አርባ አንድ ዓመት የመለሰው መልስ እንዴት እንደሚያም ያን ጊዜ ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ፣ አቀረቀረ።

ቀና ሲል ኦክሱን በእንባና በሳቅ መሃል አፏን ከፍታ ሁለተኛውን ጉርሻ ትጠብቃለች።