ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለው ጋቢ

ጋቢ ባየሁ ቁጥር ግራ ጆሮዬ ይግላል። ልጅ እያለሁ ደብረ ታቦር ውስጥ የጋሽ ተስፋሁን ቪዲዮ ቤት ነበረች። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ የእርጥብ ሹራብ ሽታ እያፈነን፣ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም እናይባት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጋሽ ተስፋሁን አንድ ሕግ ነበራቸው። ፊልሙ ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቴሌቪዥኑ ላይ ይጥሉታል። እኛ የማንኪያ ድምፅ ብቻ እንሰማለን። ማዕዱ ሲነሳ ጋቢውም ይነሳል።

የዚያን እሁድ ፊልም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ምስኪን ሰው ከየበሩ እየተባረረ ይንከራተታል። ምሳዬን ሽሮ በልቼ መጥቼ እንኳ አብሬው ራበኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት ባልቴት አዘነችለትና ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ይኸኔ ጋቢው ወረደ። ምን ልታበላው ነው? አላስቻለኝም፤ ተነስቼ የጋቢውን ጫፍ ያዝኩ። ገና ሳልገልጠው ጋሽ ተስፋሁን ጆሮዬን ጠምዝዘው ወደ ሰዉ አዞሩኝ።

«እዩዋት ይችን! በዓይኗ ጾም የገደፈች!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ስሜ «ገዳፊዋ» ሆነ። ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ፤ እሷም ለንስሐ አባታችን ነገረች፤ አርባ ስግደት ታዘዘብኝ። ላላየሁት ምግብ ሰገድኩ! እማዬ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትል ነበር። እኔ ግን ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር «አገኛቸዋለሁ» እያልኩ ነበር የምነሳው።

ዘንድሮ በሁዳዴ አገኘኋቸው። ቪዲዮ ቤቷ ከተዘጋች ቆይታለች፤ እሳቸውም አርጅተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያንኑ ፊልም በስልኬ ፈልጌ ይዤ ሄድኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አላስታወሱኝም። ፊልሙን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። ባልቴቷ ወንበሩን ስትስብ መዳፌን ስልኩ ላይ ጣልኩት።

«ምነው ልጄ? አንሽው እንጂ! ያኔ በጋቢ ስሸፍነው እኔም አላየሁትም» አሉኝ።

«ሁዳዴ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የማንኪያው ድምፅ እስኪያበቃ አላነሳሁትም። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መዳፌን ሳነሳ ሰውዬው አፉን እየጠረገ ነበር።

ያኔ ለእኛ ያለፈ ማዕድ አለፈ ነበር። ዛሬ ስልኩን በጣት ነካ ቢያደርጉት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ላየው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ፋሲካ ሲደርስ ከጋሽ ተስፋሁን ጋር አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ጆሯቸውን እይዛለሁ።