ያስመሸሁባቸው የከሰዓት ዜማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ የሕንድን ዜማ ማስረዳት ነበረብኛ፣ ኃጢአቱ ጋ ሳልደርስ ቅዳሴ ይገባብኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምታነቡኝ እናንተ ስሙኝ። ሳቅ ቢመጣባችሁ ሳቁ፤ ነጻ ግን አታውጡኝ።

እኔ ሹፌር ነኝ። አሜሪካ ውስጥ፣ ከሲያትል አየር ማረፊያ መንገደኛ እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ከታኮማ እስከ ማውንትሌክ ቴራስ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈርድብኛል።

ልጅ ሳለሁ የሕንድ ፊልም አይቼ በመጣሁ ቁጥር ትርጉሙን በማላውቀው ዘፈን ሰፈሩን አደነቁር ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ሬድመንድ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንዲት ሕንዳዊት አዛውንት ቤታቸው ዜማ ያስተምራሉ ሲባል ታዲያ ማን ይቅደመኝ? ብቻዬን እንዳላፍር ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ስድሳን አልፈዋል፤ ሽማግሌዎችን ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በመዝሙር ሰዓት ከኋላ ቆመው የሚቀበሉ ሴት ናቸው። ለአጃቢነት ነበር የወሰድኳቸው። ለካ አጃቢዋ እኔ ነኝ! አፋቸውን የከፈቱ ቀን አስተማሪያችን ሻያቸውን አስቀመጡ።

ሕንዶች ዜማቸውን ራጋ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ራጋ የራሱ ሰዓት አለው። እኛ በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማንመታው ሁሉ አስተማሪያችንም ያለ ሰዓቱ አያስዜሙም። ቢምፓላሲ የሚባለው የከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች አለቀ። ያን ራጋ እንዴት እንደምወደው! ሥራውን የጨረሰ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ የሚሰማውን ዓይነት ደስታ አለው።

ተማሪዎቻቸው በታኅሣሥ ቤታቸው ለሚያዜሙበት ዝግጅት አስተማሪያችን ቢምፓላሲን ለእትዬ ሰጡ። ለእኔ የምሽቱን ሰጡኝ። ቅናት አንጀቴን በላው። እኔ ባልወስዳቸው የዚያን ቤት በር ያውቁት ነበር? እኔ አይደለሁም ያመጣኋቸው?

እትዬ በደስታ መሬት አልበቃቸውም። ታኮማ ወደብ የሚሠራው ልጃቸው ዳዊት፣ “እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ የሕንድ ዘፈን?” እያለ ሲስቅባቸው ነበር የከረመው። ያን ቀን ግን የማታ ሥራው ከመግባቱ በፊት መጥቶ ሊሰማቸው ቃል ገባ። “ይስማኝና ከዚያ ይሳቅ” ይሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

የዝግጅቱ ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ። የታኅሣሥ ፀሐይ እዚህ አገር ለሰላምታ ብቻ ጎራ እንደምትል እንግዳ ናት፤ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ወደ ሬድመንድ የሚያስገባው መታጠፊያ ሲደርስ ምልክቱን አየሁት። ማየቱንስ አየሁት። አልታጠፍኩም።

“ሰናይት፣ ኤግዚቱን ሚስ አደረግሽው እንዴ?” አሉኝ።

“ውይ እትዬ፣ ጂፒኤሱ ኮንፊውዝ አድርጎኝ እኮ ነው። አያስቡ፣ አደርስዎታለሁ።”

“ኦኬ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ ንጂ።”

ቤልቪውን አለፍን። ከሲያትል የሚለየንን ሐይቅ በአንዱ ድልድይ ተሻግረን በሌላው ድልድይ ተመለስን፤ መንገዱ ደግሞ በመኪና ተጨናንቆ እንደ ኤሊ እንሄዳለን። እትዬ አልተቆጡም። ፀሐይዋ ገና ውሃው ላይ ነበረች። እሷን እያዩ ራጋቸውን ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ለቀቁት። በሰዓቱ፣ በትክክለኛው ሰዓት! እንደዚያ አድርገው ሲያዜሙት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እኔም፣ ጉድ እኮ ነኝ፣ አብሬ አንጎራጎርኩ። ለልጃቸው የታሰበውን እኔ ሰማሁት። ሌብነት ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ስንደርስ መሽቷል። ዳዊት ሥራ እንዳይረፍድበት ሄዷል። አስተማሪያችን ወደ መስኮቱ አይተው እትዬን አቀፏቸው፣ የራጋው ሰዓት አልፏል ለማለትም ራሳቸውን ነቀነቁ። የምሽቱ ተራ የእኔ ነበር። እትዬ ታንፑራ የምትባለውን፣ ከዜማው ሥር እንደ ንብ የምታጉረመርመውን ባለ ክር መሣሪያ ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡና አጀቡኝ። ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። ዞር ስል ከሁሉ አብልጠው የሚያጨበጭቡት እሳቸው ናቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቅጣቴን ግን እግዜር አላዘገየውም። እትዬ ከወቀሳ ሊያተርፉኝ ብለው፣ “ምስኪን፣ መንገድ ጠፍቷት እኮ ነው” እያሉ ላገኙት ሁሉ ነገሩ። ይኸው እስከ ዛሬ “የምትጠፋዋ ሹፌር” እባላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፓርክ ሳደርግ እንኳ መውጫውን በእጃቸው የሚያሳዩኝ አሉ። ምን ልበል? መንገዱን አውቀዋለሁ እንዳልል፣ ካወቅሁት መታጠፊያውን ለምን አለፍኩት? እትዬ ደግሞ በልደቴ ቀን በወረቀት የታተመ የመንገድ ካርታ አመጡልኝ። “ጂፒኤስ ትረስት አይደረግም” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

የፊታችን ቅዳሜ የሰኔው ዝግጅት ነው። እትዬ ቢምፓላሲን ያዜማሉ፤ ዳዊትም ፈረቃውን ቀይሯል። በሰኔ ፀሐይዋ እስከ ማታ ስለማትጠልቅ ላስመሽባቸው ብል እንኳ አልችልም። ቢሆንም ከቁርስ በኋላ ወዲያው እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው።

“ሶ ጠዋት ሄደን ምን ልንሠራ?” አሉ።

“ብጠፋስ እትዬ?”

እስኪደክማቸው ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝ፤ ያንኑ ያህልም አመመኝ። ዜማው ካለቀ በኋላ፣ ዳዊት አጠገባቸው ቆሞ ሳለ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት አልናገርም፤ በእኔ ጉድ ሁለተኛ ከሰዓት በኋላ አላበላሽባቸውም። ከእናንተ ደግሞ ይቅርታ አልለምንም፣ ይቅርታው የእናንተ አይደለማ። ጂፒኤሱ ምንም አላጠፋም። መንገዱን አውቀው ነበር።