ሳይሰበር የቀረው ማኅተም

ያን ቀን ከራይን ወንዝ የተነሣው ጉም እስከ እኩለ ቀን አልገፈፈም። ደጄ ቆሜ የጎረቤቴን የአሌይትን በር ማየት አልቻልኩም፤ የሚለየን ግን አንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

በዚያ ግድግዳ በኩል የባሏን የጌርላክን መዘውር ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ። ጌርላክ የእንጨት ሳህን ጠራቢ ነበር። መርገጫውን በእግሩ ሲጫን ገመዱ እንጨቱን ያሽከረክረዋል፤ ሲለቀው ጣሪያው ሥር የታሰረው ዘንግ ገመዱን መልሶ ይስበዋል። አንካሳ ስለነበር አረጋገጡ የማንንም አይመስልም። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንድ ከባድ።

በመከር ሞተ። በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ሽንኩርት ስልጥ ያው ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ። አማትቤ ወደሷ ቤት ሮጥኩ። አሌይት መዘውሩ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሁሉ ፍቅፋቂ ለብሷል።

«አፍሽን ዝጊ፣ እቴ» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳትጠረጥሩ ብዬ እንደሱ እያነከስኩ ረገጥኩ። አሁን እግሬ ሌላ አያውቅም።»

የጠራቢዎች ማኅበር ሴት መዘውር እንድትነካ አይፈቅድም። ቢያውቁ የሦስት ዓመቱን ሳህን ሁሉ ገበያ መሀል አቃጥለው እሷን ከከተማ ያባርሯታል። ባይታወቅም ቀኗ ተቆርጧል። ጠራቢ በሞተ በሠላሳኛው ቀን ሽማግሌዎቹ መጥተው ሟቹ የሳህኑን ግርጌ ይተኩስበት የነበረውን የማኅተም ብረት ይሰብራሉ። ቤቱ የማኅበሩ ነው፤ ወንድ ልጅ የሌላት መበለት ወይ ከሠራተኞቻቸው አንዱን ታገባለች፣ ወይ ትወጣለች። የማኅበሩ አለቃ ቮልማር የወንድሙን ልጅ አጭቶላት ነበር።

«ያን ሰካራም?» አለች አሌይት። «ድልድይ ሥር ማደር ይሻለኛል። ግን ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ሠላሳኛው ቀን ያ የጉም ቀን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ እኔንም ለምስክርነት ጠሩኝ። ቮልማር አንድ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ግርጌውን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ትናንት የተገዛ ነው። እንጨቱ ገና እርጥብ ነው» አለ። «ዛፉ ሲቆረጥ ጌርላክ አፈር ውስጥ ነበር። ማኅተሙ ግን የሱ ነው። ማን ጠረበው?»

አሌይትን ሳይጠብቅ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በግድግዳው ምን ሰማሽ?»

«የጌርላክን እግር» አልኩ። አልዋሸሁም።

ያኔ አሌይት ቀና ብላ «እሱ ነው፣ ጌታዬ። እየመጣ ይሠራል» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። «በሕይወቱ ሰኞ ሰኞ ሥራ የማይገባ ሰውዬ ሞቶ ተጋ?»

«እንግዲያ ይምጣና እንስማው» አለ ቮልማር።

አሌይት አጠገቤ ነበረች፤ ትከሻችን ይነካካል። ድምፁ መዘውሩ ካለበት ጓዳ መጣ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ። ዝም። አንድ ከባድ።

አሌይት ክንዴን ጨበጠች። እኔ ያዘጋጀሁት መስሏት ዓይኔን ፈለገች፤ ከዚያ እኔ ሳማትብ አየች።

ቮልማር በሩን ገፋው። ማንም የለም። ዘንጉ ጣሪያው ሥር ይወዛወዛል፤ ወለሉ ላይ አንድ ረጅም ፍቅፋቂ ነበር፣ እርጥብ። ሽማግሌዎቹ ብረቱን ሳይሰብሩ ወጡ። ስለ ቤቱም ስለ ጋብቻውም ዳግመኛ የጠየቃት የለም። ሳህኑም እንደተቀመጠ ቀረ።

ለፋሲካ ልጠይቃት ገባሁ። ከእኔ ጋር ምስር እየለቀመች ሳለ ጓዳ ውስጥ መዘውሩ ይረገጣል። ቀና እንኳ አላለችም።

«ብረቱን ራሴ አንስቼ ልሰጣቸው ይገባኝ ነበር» አለች። «ማኅተሙ ካልተሰበረ የሱ ሥራ አላለቀም ማለት ነው። መጥተው እንዲሰብሩት ሽማግሌዎቹን ለመንኳቸው፤ አንዳቸውም ደጄን አይረግጡም።»

«እንጨቱን ለምን ታቀርቢለታለሽ ታዲያ?»

«ካላቀረብኩለት ባዶውን መዘውር ይረግጣል። እሱ ይብሳል።»

የሙት ሳህን የሚገዛ ክርስቲያን የለም። ከከተማው በር ውጭ ያሉት ለምጻሞች ብቻ በዳቦና በባቄላ ይለውጡላታል። ሳህኖቹን እኔ ነኝ የማደርስላት።

አሌይት አሁንም ከግድግዳዬ ማዶ ትኖራለች። ቤቱ የሷ ሆኗል።