«ይገጥማል» የተባለው የፍሪሲዮን ሸራ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ስነሳ በካርቶን የታሸገ የፍሪሲዮን ሸራ ይዤ ነበር። የሚሄደው መሐል ሜዳ ላለው የአጎቴ ልጅ፣ ለደምሰው ፒክአፕ ነው። አጎቴ መሪጌታ በደምሰው ቤት ታመው ተኝተዋል። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ» ብለው አሰናብተዋቸዋል። እሳቸው የሚመኙት ከጓሳ ደጋ ማዶ ያለውን፣ ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉበትን ደብር በሕይወት ሳሉ ማየት ነው። የክረምቱን ጭቃ የሚደፍረው ደግሞ ያ ፒክአፕ ብቻ ነው፤ እሱም ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ቆሟል።

ሸራውን ያዘዝኩት ከአንድ የመለዋወጫ መሸጫ የኢንተርኔት ገጽ ነው። ገጹ የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ጠየቀኝ። ደምሰው ከላከልኝ የሊብሬ ፎቶ አይቼ ሞላሁ። በአረንጓዴ ቀለም «ይገጥማል» አለኝ።

ደብረ ብርሃን

ሚኒባሱ እስኪሞላ ትኩስ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጉም ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ካርቶኑን አይተው «ምነው ልጄ፣ አራስ ያቀፍክ መሰልክ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ካርቶኑን ግን ከጭኔ አላወረድኩም።

መሐል ሜዳ

ደምሰውና መካኒኩ ካምቢዮውን አውርደው ጠበቁኝ። ሸራው አልገባ አለ። አዙረን ሞከርነው፤ የመሐሉ ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ጋር አይገጥምም።

«ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት እኮ ነው የሞላሁት!» አልኩ።

«ሊብሬውማ የድሮው ነው» አለ ደምሰው። «ሞተሩም ካምቢዮውም ከሌላ መኪና እንደመጣ መሐል ሜዳ ላይ የማያውቅ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

እኔንም ገጹ አልጠየቀኝም። መኪና እንደ ገበሬ ሱሪ እየተጣፈ በሚኖርበት አገር፣ ይህን የሚጠይቅ አንድ መስመር መጥፋቱ አንገበገበኝ።

ቤት ስንገባ አጎቴ ቀና ለማለት ሞከሩ። «ዕቃው መጣ ወይ? ይገጥማል?»

«ይገጥማል፣ የኔታ» አልኩ። ደምሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተመስገን! እንግዲያ እሑድ ቅዳሴዬን ከደብሬ እሰማለኋ።»

ያን ውሸት ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። በቃሬዛ እንዳንወስዳቸው የጓሳ ብርድ ይጨርሳቸዋል። ደብረ ብርሃን ደውለን ትክክለኛውን አገኘን፤ በነጋታው በሚኒባስ እንዲላክ ተስማማን። አጎቴ ግን ሳይነጋ ዐረፉ።

ጓሳ

የደብሩ ሰዎች መርዶውን ሰምተው መሐል ሜዳ ድረስ በእግራቸው መጡ። ደምሰው «ዕቃው ዛሬ ይደርሳል፤ ትንሽ ጠብቁና በመኪና እንውሰዳቸው» ብሎ ለመነ።

አንድ ሽማግሌ «መኪናው ለሕያው ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ለሙት ትከሻ አናጣም።»

ቃሬዛውን እየተቀባበልን ጓሳን አቋረጥን። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል፤ ካህናቱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ ተሸከምኩ፤ አልቅሼም አልወጣልኝም። ከደብሩ ቅጥር ቀበርናቸው።

አዲስ አበባ

እንደገባሁ ለገጹ ባለቤቶች ጻፍኩ። ሞተርና ካምቢዮ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ፣ የጥርሱን ቁጥር አስቀምጡ፣ ካላወቃችሁ ደግሞ «አናውቅም» በሉ አልኳቸው። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ያላረጋገጡትን «ይገጥማል» ማለት የሰው ቀን ይበላል።

መልሳቸው ፈጥኖ መጣ። «እናመሰግናለን፤ አስተካክለነዋል። ለመኪናው የሚሆነውን በነጻ እንላክልዎ?»

ገጹን ብከፍተው እውነትም አስተካክለውታል። ትሕትናቸው ደግ ነው። መልስ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት፤ የምናደርሰው ሰው የለንም።