ብርድ ልብሱን አንሱለት

እኛ ሰዎች ብርድ ስንፈራ ለጉድ ነው። እዚህ ሳውዲ፣ ኹበር ከተማ፣ በሐምሌ የበር እጀታ ከግለቱ የተነሣ አያስነካም፤ ቱቅባ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ግን ዘወትር የሚያጣላን አየር ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው ነው። «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ይላል አንዱ። ወገቡን ያመመውም፣ ጥርሱ የጠዘጠዘውም፣ ሚስቱ ስልክ ያላነሳችለትም ኤሲውን ይከሳል። ያላበው ሰው ነፋስ ከነካው አለቀለት እየተባለ ነው ያደግነው። ባሕር ስንሻገር፣ በረሃ ስናቋርጥ ሻንጣ የጣለ አለ፣ ጫማ የጣለ አለ፤ ይህችን እምነት ግን አንድም ሰው መንገድ ላይ አልጣላትም።

እኔ ደማም ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ከቤቱ ልጆች ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ አብዛኞቹ በየመን በኩል የገቡ ናቸው፤ የተገኘውን ይሠራሉ። ታላቃችን ጋሼ ናቸው። ካፊላቸው፣ ቪዛ ያወጣላቸው አሠሪ፣ «ጠፋብኝ» ብሎ በሁሩብ፣ በኮብላይነት፣ ካስመዘገባቸው ወዲህ እሳቸውም ያለ ወረቀት ቀርተዋል። ምግብ ያበስሉልናል፣ ሲያመን ያስታምሙናል፣ ስንጣላ ያስታርቁናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት ቤቱ ከውጭው ይብሳል። ኤሲው ጠፍቷል። መስኮቱ በፎጣ ተወትፏል። ምድጃው ላይ ዝንጅብል ይንተከተካል። መሐል ፍራሹ ላይ አንድ ሰው ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ተደራርቦበት ተኝቷል፤ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። ዐቅረቢያ ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ጣራ ላይ ብሎኬት የሚያመላልሰው የቤታችን ልጅ ነበር። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን በጎን በጎኑ ይጠቀጥቃሉ።

«ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ምች ነው የመታው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጣራው ላይ ወድቆ ጓደኞቹ አመጡት። ዳማከሴ አሽቼ አሽትቼዋለሁ። አሁን ያልበውና ይለቀዋል።»

ግንባሩን ስነካው እጄን መለስኩ፤ ያቃጥላል። ጠብታ ላብ የለበትም። ስጠራው ዓይኑን ገለጠና «መኪናው መጣ እንዴ?» አለኝ። ምን መኪና? ቱቅባ መሆኑን ረስቶ፣ የየመን በረሃ ላይ ደላላ የሚጠብቅ መስሎት ነበር።

መጋዘናችን በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ስለ ሙቀት አደጋ ትምህርት ይሰጠናል። አንድ ፊሊፒናዊ ሥዕል እያሳየ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ አንቀላፋለሁ። አንድ ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ሙቀት የጣለው ሰው ሰውነቱ እየነደደ መቀባጠር ከጀመረ፣ እንደ ጉንፋን ትኩሳት ሸፍነህ የምታሳልፈው ነገር አይደለም። ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል። አምቡላንስ ጥራ፤ እስኪመጣ ድረስ አቀዝቅዘው።

«ብርድ ልብሱን አንሱለት!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ልጅ አብደሃል? ነፋስ ገብቶበት ይሙት?»

«የሚገድሉትስ እርስዎ ነዎት!»

አባቴ ለሚሆኑ ሰው እንዲህ አልኩ፤ ያውም በአንቱታ። እኔ ስገፍ እሳቸው ሲያለብሱ፣ እኔ ስጎትት እሳቸው ሲመልሱ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተናነቅን። ክፉ ሰው ቢሆኑ ገፍትሬ አልፋቸው ነበር። ያበሸቀኝ ክፉ አለመሆናቸው ነው፤ እንባቸው እየወረደ ነበር የሚሸፍኑት። በመጨረሻ ልጁ አስመለሰና መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጃቸው ላላ። ነጠቅኳቸው።

ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ልብሱን ቀድጄ ውሃ በባልዲ ደፋሁበት። በረዶ ስላልነበረን ከፍሪጅ የቀዘቀዘ ዶሮ አውጥቼ በፎጣ ጠቀለልኩና ብብቱ ሥር ሸጎጥኩት።

«አምቡላንስ ልጠራ ነው» ስል ቤት የነበሩት ሌሎቹ ልጆች ከየፍራሻቸው ተነሡ። አምቡላንስ ከመጣ ፖሊስ ይከተላል ብለው ያምናሉ። ከመሞት መሰንበት ብለው አንድ በአንድ ደረጃውን ወረዱ። የታመመን ጓደኛ ጥሎ መሸሽ ሲያዩት ያስጠላል፤ ሰውን እዚያ የሚያደርስ ፍርሃት ግን የበለጠ ያስጠላኛል።

ጋሼ ግን አልወረዱም። የካርቶን ክዳን ገንጥለው ያራግቡለት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ፤ ይይዙዎታል።»

«ዝም በልና ውሃ አምጣ» አሉኝ።

በአምቡላንሱ የመጡት ሰዎች ስለ ወረቀት አንድም ቃል አልተነፈሱም። አንደኛው ዶሮውን አየና «ጥሩ አድርጋችኋል» አለ በአረብኛ፤ ከዚያ «ቀትር ላይ የት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣራ ላይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ማሠራት በአገሩ ሕግ ክልክል ነው። ወረቀት የሌለውን ሰው ግን ጣራ ላይ ማን ያየዋል?

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ንዴቴ እየባሰ ሄደ። «ምች መታው» ስንል ማንንም አንጠይቅም። ምች እንደ ነፋስ መጥቶ እንደ ነፋስ ይሄዳል፤ አድራሻ የለውም። ልጁን የመታው ግን አድራሻ ነበረው። ቀትር ላይ ጣራ ያወጣው፣ ኋላ ጓደኞቹ እንደነገሩን ውሃ አለቀብኝ ሲለው «ሥራውን ጨርስና ውረድ» ያለው አሠሪ ነው። እኛ ደግሞ ልጁን እቤት አምጥተን የአሠሪውን ጥፋት በብርድ ልብስ ሸፈንንለት።

ልጁ ተረፈ። ኩላሊቱ ተጎድቶ ስለነበር ሰንብቶ ወጣ፤ ሐኪሟም ፀሐይ ላይ መሥራት ለጊዜው የማይታሰብ ነው አለችን። ቤት በገባ በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የተናገረው «እባካችሁ ኤሲውን ቀንሱልኝ» ነው። ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ሳቄን ሳልጨርስ የልጁ ስልክ ጮኸ። አሠሪው ነው። ጋሼ አነሡት።

«ዋይን ነፈር?» ሰውዬው የት አለ ይላል።

«መሪድ» አሉ ጋሼ፤ ታሟል።

«ማፊ ሙሽኪላ። ጂብ ነፈር ታኒ።»

ችግር የለም፤ ሌላ ሰው አምጣ። ምን ሆነ አላለም፤ ተሻለው ወይ አላለም። ስልኩን ነጥቄ የማውቀውን የአረብኛ ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ለካ ገና ድሮ ዘግቶታል።

ዞር ስል ያን ቀን ደረጃውን ከወረዱት አንዱ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል።

«የት ነው?» አልኩት።

«ሕንፃውን አውቀዋለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሡ። ያቆሙታል ብዬ ጠበቅኩ። ከፌስታላቸው የተረፈችውን ዳማከሴ ቆንጥረው በሶፍት ጠቀለሉና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።