ሽብሩ በሶንጎው ፊት ያነበበው ደብዳቤ

ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ደወል የሚደውለውም ደብዳቤ የሚያደርሰውም አንድ ሰው ነበር። ሽብሩ ይባላል። ደወሉ እንኳ ደወል አልነበረም፤ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሽብሩ በብረት ሲመታው እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። ሰውየው ራሱ ግን ድምፅ የለውም። ሲጠሩት “አቤት” የሚለው ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

እናቱ ከዲላ አቅራቢያ ካለችው ከጪጩ መንደር የመጣች ጌዴኦ ናት። አባቱ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ ለልጁ ስም አወጣለትና ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ተዛውሮ በዚያው ቀረ። ሽብሩ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ወደ ግቢው የገባው። ሥራው አለቀ፣ ሌሎቹ ሄዱ፣ እሱን ግን “ሂድ” ያለው ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀረ። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት።

ለጎልማሶች በተከፈተው ትምህርት ሁለት ክረምት ተቀምጧል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ተሰብስበው ሲመጡበት ነው የሚከብደው። በተለይ በታይፕ የተጻፈ፣ ፊደሉ የተጠጋጋ ወረቀት ላይ ዓይኑ ይንሸራተታል። ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ይህን ከሚስቱ ከጥሩብርሃን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም አልፎ አልፎ “የተማረው ባሌ” እያለች ትነካካዋለች።

የሚኮራበት ነገር ቢኖር የመላኪያ ደብተሩ ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው በደብተሩ ላይ ይፈርማል፤ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። የሽብሩ ደብተር ላይ ባዶ መስመር የለም። ዲሬክተሩ አንድ ቀን ገልጦ አይቶ “ጎበዝ” ብሎታል። ሽብሩ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳትም።

በ1962 ዓ.ም. አቶ ወንድይፍራው የሚባል ወጣት አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ በተጨማሪም ለተማሪዎች አማካሪ ሁን ተባለ። አማካሪ ምን እንደሚሠራ በግቢው ውስጥ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። ክፍል ስጡት ሲባል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ሰጡት። ችግሩ ያ ክፍል ድሮ የመግረፊያ ክፍል ነበር። ወደዚያ የተጠራ ተማሪ ሁሉ መቀመጫውን እያሻሸ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወንድይፍራው በሩ ላይ “ምክር ለተማሪዎች” ብሎ ቢለጥፍም ወር ሙሉ አንድም ሰው ዝር አላለም። ተማሪዎቹ ሽብሩን እየቆሙ ይጠይቁታል፤ “ጋሼ፣ አዲሱ ሰውዬ ስንት ነው የሚገርፈው?” ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ወንድይፍራው ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ፈተናዎች ከአዲስ አበባ አስመጣና ሽብሩን ማባዣ ማሽኑን እንዲያዞር ጠየቀው። ሽብሩ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ቀኑን ሙሉ አዞረ። በነጋታው ወረቀቱ በዚያ ክፍል እንደሚታደል ሲሰማ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ተሰለፈ። ለወረቀት ይመጡና ለምክር ይቀመጣሉ። በየትኛው ትምህርት እንደሚደክሙ፣ ምን መማር እንደሚፈልጉ፣ ፈተናው ላይ ሰዓት እንዴት እንደሚከፋፈል ያወራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንደ እውነተኛው ፈተና ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሽብሩ ቸርኬውን ይመታል።

ከነዚያ ተማሪዎች መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ድንቅነሽ። አባቷ ሙሉካ የጪጩ ገበሬ ነው። እሷ ዲላ አክስቷ ቤት እየተቀመጠች ትማራለች፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ጪጩ ትሄዳለች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ታዘግማለች፤ ሰዓት ሁልጊዜ ቀድሟት ያልቃል። አንድ ቅዳሜ ስትወጣ፣ “ጋሼ፣ በሚቀጥለው ቀስ ብለህ ምታው እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?” አለችው። ሽብሩ ሳቀ። እሱን በጨዋታ የሚያናግረው ሰው ብዙ አልነበረም።

ኅዳር ላይ የማትሪክ መመዝገቢያ ቅጽ መጣ። በቅጹ ላይ ተማሪው ይፈርማል፣ ወላጅም ፈቃዱን ይሰጣል። ወንድይፍራው ከወላጆች ጋር ፊት ለፊት መመካከር ፈለገ፤ በተለይ ከሙሉካ ጋር። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትችላለች፣ አባቷ ይህን ከአማካሪዋ አፍ ይስማ ብሎ ነው። በልጅ እጅ የተላከ ወረቀት ክብር የለውም ብሎ ደብዳቤ በታይፕ አስጻፈ። ይበልጥ ለማክበር ደግሞ ትልቁን የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመታበት። ሰኞ ዕለት ሽብሩ ያንን ይዞ ጪጩ ወረደ።

ሙሉካን ከእንሰቱ ሥር ቆሞ አገኘው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ቡናው ተጨዋወቱ። ሽብሩ ደብዳቤውን ሲያወጣ ግን የሙሉካ ፊት ተለወጠ። ዓይኑ ማኅተሙ ላይ ቀረ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

ሽብሩ ያኔ ማለት የነበረበት አንድ ቃል ነበር፤ አላነበብኩትም ማለት። እፍረት ያዘው። “የመንግሥት ነው” አለ።

“ምን ይላል?”

“እሱን እዚያ ሲመጡ ይነገርዎታል።”

ይህን ብሎ እንደ ልማዱ ደብተሩንና ቀለሙን አወጣ። ሙሉካ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

“ወንድሜንም እዚያ ስትመጣ ይነገርሃል ብለውት ነው የሄደው” አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሬት ሲለካ የሙሉካ ታላቅ ወንድም ተጠርቶ ሄዶ በአንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ ነበር። አንድ ጸሐፊ አነበበለት፤ የግብር ወረቀት መሰለው። በኋላ ሲታይ የእንሰቱን ግማሽ የለቀቀበት ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ማኅተም ያለበትን ወረቀት የነካ ሰው መጥሪያውን ተቀበለ ይባላል፤ ያልነካ ደግሞ አልተጠራም። ሽብሩ እናቱ ከዚያው ናትና ይህን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ደብተሩ ላይ ባዶ መስመር እንዳይቀር ሁለት ጊዜ ለመነ። ሙሉካ ወደ ቤቱ ገባ።

ረቡዕ ጧት ድንቅነሽ ከክፍል ቀረች። አክስቷ ተጠይቃ ስትመልስ፣ ሙሉካ ከመንግሥት ተጠርቻለሁ ብሎ ቤቱን ዘግቶ፣ ሚስቱን ይዞ፣ ድንቅነሽንም ከዚህ ወስዶ፣ ኮንጋ እህቱ ዘንድ ቡና ለቀማ ሄዷል አለች። መቼ ይመለሳሉ ቢባል፣ ነገሩ ሲረሳ ነው አለች።

ቅጹ ዓርብ በፖስታ መኪና ካልሄደ ድንቅነሽ ማትሪክ አትቀመጥም። ወንድይፍራው ሽብሩን ጠራው። አልተቆጣም። ደብዳቤው ምን እንደሚል ለሙሉካ ነግረውት ነበር ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀው። 

“ታይፕ አይሆንልኝም” አለ ሽብሩ። “ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።”

 ወንድይፍራው አጥፊው እኔ ነኝ፣ ማኅተሙን ያስመታሁት እኔ ነኝ አለና፣ ራሴ ኮንጋ እሄዳለሁ ብሎ ኮቱን አነሳ።

“እርስዎ ቢሄዱ ጫማዎን አይተው ይሸሻሉ” አለ ሽብሩ። “እኔ ነኝ ያበላሸሁት።”

ወንድይፍራው ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አነበበለት፣ ቅጹንም እንዲሁ። ሽብሩ ሁለቱንም ደረት ኪሱ ከትቶ ቡና ሊጭን በሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ይርጋጨፌ እስኪደርስ መኪናው እያንገጫገጨው በጣቱ መስመር መስመሩን ተከተለ። የሰማውን ያስታውሳል፤ ፊደሉ ላይ ሲደርስ ግን የሰማው ከሚያየው ጋር አልገጥም ይለዋል።

ሐሙስ ጧት ከይርጋጨፌ በእግሩ ኮንጋ ገባ። ሙሉካን ያገኘው ቡና ሲለቅም ነው። ሙሉካ ሲያየው አልሸሸም፤ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መሸሽ ነውር ነው። ነገር ግን ወረቀት የሚሉትን ነገር ብቻዬን አልሰማም፣ ሶንጎ ይስማው አለ። ሶንጎ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚቀመጡት። ሰባት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የለቀማ ሰዎችም ቅርጫታቸውን እንደያዙ ከኋላ ቆሙ። ድንቅነሽ ከእናቷ ጎን ናት፣ ጣቶቿ በቀይ ቡና ተለቃልቀዋል።

ሽብሩ ነገሩን በቃል ሊናገር ጀመረ። ትልቁ ሽማግሌ እጁን አነሳ። ወረቀቱ ይነበብ አለ። ድንቅነሽ አላስቻላትም፤ ልናገር ብላ ፈቃድ ጠይቃ፣ እኔ አነበዋለሁ አለች።

“አንቺ ባለጉዳይ ነሽ” አሏት ሽማግሌው። “ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። ያመጣው ሰው ያንብበው።”

ሽብሩ ወረቀቱን ዘረጋ።  የሰባት ሽማግሌ ዓይን፣ የለቃሚው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። ወዲያው ልተወውና ልሂድ የሚል ሐሳብ መጣበት። ቀና ሲል ድንቅነሽን አያት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት እያለቀባት እንግሊዝኛው ላይ ስትጎነበስ የምታሳየው ፊት ነው ያሳየችው።

ጣቱን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረ። “ል” አለ። “ጅ። ዎ። ልጅዎ።” ቆም ብሎ በጌዴኦኛ ተረጎመው። “ድ። ን። ቅ።” እንዲህ እያለ ሄደ። “ስለወደፊቱ” የምትለዋ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ በአራተኛው ተሻገራት። ከኋላ አንድ ለቃሚ ሳቀ፤ ሽማግሌው ዘወር ሲሉ ፀጥ አለ። የሽብሩ ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ መሆኗን፣ አማካሪው ስለ ትምህርቷ ከአባቷ ጋር ሊመካከር እንደሚሻ፣ ሙሉካ በሚመቸው ቀን ቢመጣ ትምህርት ቤቱ እንደሚደሰት አነበበ። ከዚያ ቅጹን ጀመረ። ፀሐይዋ ከዛፉ በላይ ወጣች። ማንም አልተነሳም።

ሲጨርስ ሙሉካ፣ “መሬት የሚል አለበት?” አለ።

“የለበትም።”

“ደግመህ እየው።”

ሽብሩ እንደገና ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ወረደ። “የለበትም” አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ከዚያ ትልቁ ወደ ሙሉካ ዞሩ።

“የወንድምህን ወረቀት ያነበበው ሰው እንደ ዝናብ ነበር ያወረደው። ያን ቀን እኔም ለጉዳይ ወደዚያው ሄጄ ሰምቼዋለሁ። ይሄኛው እያንዳንዷን እንደ ቡና ለቅሞ ነው ያሳየን። የሚዋሽ ሰው ይህን ያህል አይለፋም።”

ሙሉካ ልጁን ጠራት። እዚያ አዲስ አበባ ብትገቢ ማን ዘመድ አለሽ፣ ምን ትሆኛለሽ ብሎ ጠየቃት። የሒሳብ አስተማሪ እሆናለሁ፣ ክረምት ክረምት እመጣለሁ አለችው።  ሙሉካ አውራ ጣቱን በቡና ቅጠል ጠርጎ ለሽብሩ ዘረጋለት። ቀለሙን ነክቶ ቅጹ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ግን ጣቱ አየር ላይ ቆመ።

“መጀመሪያ አንተ አትም” አለው ሽብሩን። “ያነበብከው አንተ ነህ።”

ሽብሩ ስሙን መጻፍ ይችላል፤ ከችሎታዎቹ ሁሉ እሷ የምትሻለው ናት። ግን አልጻፈም። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ምስክር የሚለው ቦታ ላይ አሳረፈ። ሙሉካም አጠገቡ አሳረፈ። ድንቅነሽ እጇን ታጥባ ፈረመች።

ዓርብ ከቀትር በፊት ሽብሩና ድንቅነሽ ቡና በጫነ መኪና ዲላ ደረሱ። ወንድይፍራው ሁለቱን አሻራ አየና ቅጹን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ራሱ ሮጠ። ሽብሩ ደብተሩን ገለጠ። የሰኞው መስመር ባዶ ነው። ሙሉካን ኋላ አሳትሞ ሊሞላው ይችል ነበር። ተወው።

ከዚያ በኋላ ወንድይፍራው ወደ ገጠር በሚልከው ደብዳቤ ላይ ትልቁን ማኅተም ማስመታት አቆመ። ሽብሩም ደብዳቤ ሲሰጡት በሩ ላይ ይቆማል። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ “መጀመሪያ ያንብቡልኝ” ይላል። ድምፁ ያው ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል።

ማትሪኩን ድንቅነሽ ተቀመጠች። ጳጉሜ ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ በስሟ አንድ ፖስታ መጣ፣ ማኅተሙ ከትምህርት ቤቱም የሚበልጥ። ሽብሩ ወንድይፍራው ሁለት ጊዜ እንዲያነብለት ጠየቀና ጪጩ ወረደ። ሙሉካ ወሬው ቀድሞ ደርሶት መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ጎረቤቶቹም ነበሩ፣ ወንድሙም ነበር። ድንቅነሽ እጇን ለፖስታው ዘረጋች።

ሙሉካ እጇን መለሰ። ለሽብሩ ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቀለት።

“ተቀመጥ” አለው። “እንደዚያን ቀኑ፤ ቀስ ብለህ።”